ጥቁሩ ክብ ውስጥ የጠፋው ፊት

ኪናንቲ ያን ጠዋት የመጣችው ለመደሰት ተዘጋጅታ ነበር። ፀጉሯን ሦስቴ ፈትታ ሦስቴ አስራለች፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ትናንት ተኩሳ ዛሬም ደግማ ተኩሳለች። በፓክ ዊርዮ ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ ለእንግዶች የሚሰጡትን የምግብ ቅርጫቶች ስትደረድር፣ ማንም ሳያያት ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ደስታን ቀን ቆርጦ መጠበቅ ደግ አይደለም፤ ይህን ግን በሃያ ስድስት ዓመቷ ማን ይነግራታል?

ቀኑ ቀላል ቀን አልነበረም። የቤቱ እመቤት፣ የፓክ ዊርዮ ሚስት ቡ ሱሚራ («ፓክ» አቶ፣ «ቡ» ወይዘሮ እንደማለት ነው) ካረፉ ዛሬ ሺህ ቀን ሞላቸው። ከሰዓት በኋላ ጎረቤትና ዘመድ ይሰበሰባል፣ ይጸለያል፣ ሁሉም ቅርጫቱን ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ መታሰቢያ የለም። የሶሎ ከተማ ሰው ሟቹን የሚሰናበተው በዚህ ቀን ነው። በየቅርጫቱ ደግሞ አንድ አንድ ጠርሙስ ይገባል፤ ቡ ሱሚራ በአንድ ድስት ጀምረው ለከተማው ሁሉ ያዳረሱት፣ ከአኩሪ አተርና ከዘንባባ ስኳር የሚፈላው ጥቁር ስጎ፣ አዲስ ሌብል ለብሶ። የሌብሉን ሎጎ የሠራችው ኪናንቲ ናት። ጥቁር ክብ ነው፤ በክቡ ውስጥ በነጭ የተሣለ የቡ ሱሚራ የጎን ፊት፣ ወደ ድስቱ ዘንበል ያለ።

በዚህ ሎጎ ላይ የተንጠለጠለው ብዙ ነው። ፓክ ዊርዮ፣ «የሚስቴን ሺህ ቀን በክብር ባሳለፍኩ ማግስት እኔው ራሴ ሽማግሌ ሆኜ ቤታችሁ እመጣለሁ» ብለዋት ነበር። እዚህ ቃል ላይ የደረሱት በስንት ልመና ነው። የስጎ ፋብሪካ ባለቤት አንድ ልጁን ለማተሚያ ቤት ሠራተኛ ልጅ ሲድር እልል የሚል ዘመድ አልተገኘም። ልጃቸው ጃትሚኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ለመነ፤ ምግብ አልበላም ብሎም አኩርፎ ነበር፣ እሱን እንኳ ከአንድ ቀን በላይ አልቻለውም። አባትየው የተረቱት ኪናንቲ የሠራችውን ሥዕል በላፕቶፕ ላይ ያዩ ቀን ነው። ብዙ አዩና «እሷ ናት» አሉ። ከዚያ በቀር የተናገሩት አልነበረም።

እና አሁን ካርቶኖቹ ከፋብሪካው ደረሱ። ሌብሎቹ ትናንት ከማተሚያ ቤት ወጥተው ሠራተኞቹ ሲነጋጋ ነው ጠርሙሶቹ ላይ የለጠፏቸው። ጃትሚኮ የመጀመሪያውን ካርቶን ቀደደ፣ አንድ ጠርሙስ አወጣ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር አደረገው። ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሁለተኛ አወጣ። ሦስተኛ።

«ምነው ማስ?» አለች ኪናንቲ። እንደ ሶሎ ልጅ ሁሉ የምትወደውን ሰው «ማስ» ብላ ነው የምትጠራው፤ በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ ይህችን ቃል ስትል ድምፅዋ ይለሰልሳል።

ጠርሙሱን ሰጣት።

ጥቁር ክብ አለ። በክቡ ውስጥ ምንም የለም። ግንባር የለም፣ አፍንጫ የለም፣ ዘንበል ያለ አንገት የለም። በጣቷ ዳሰሰችው፣ አቧራ የሸፈነው ይመስል። ሌላ ጠርሙስ አነሳች፤ እሱም ያው። ሦስተኛ ልታነሳ ስትል ከኋላዋ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማች።

«ሱሚራ የት አለች?» አሉ ፓክ ዊርዮ።

ቁጣ አልነበረበትም። ልጁ የጠፋበት ሰው ጎረቤቱን ሲጠይቅ እንደሚለው ነው ያሉት፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ፓክ ዊርዮ፣ እኔ እንዴት እንደሆነ…»

«ራስሽ ነሽ ያልሽው። እዚህ ቤት የገባሽ የመጀመሪያ ቀን የድሮውን ሌብል አንስተሽ፣ ‹መስመሩ ቀጭን ነው፤ ሥዕሉ ሲያንስ ፊቱ ይጠፋል› አላልሽም?»

«ብያለሁ። ግን ስለ ኅትመቱ ነው ያልኩት እንጂ…»

«ያችን ቀጭን መስመር የሣልኳት እኔ ነኝ።» ጠርሙሱን ከእጇ ወሰዱ። «በተጋባን በዓመቱ፣ ድስቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ በእስክሪብቶ። ያን ቀን ምንም አላልኩሽም። የተማረች ልጅ ናት፣ ታውቃለች ብዬ ዋጥኩት። ለካ ፊቱ ይጠፋል ያልሽኝ ልታጠፊው አስበሽ ነው።»

ኪናንቲ ይህን አታውቅም ነበር። ማንም አልነገራትም። ለአዲሱ ሎጎ መነሻ ያደረገችውን ያን ሥዕል ስንት ወር ስትመለከተው፣ ማን ይሆን እንዲህ አድርጎ ሴትን ያየ ሰው እያለች ስትገረም፣ ሰውየው ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። ይቅርታ ልትጠይቅ ብትፈልግ እንኳ ከየትኛው በደል እንደምትጀምር ጠፋት።

ላፕቶፕዋን ይዛ ወደ ጓሮ ማድ ቤት ሮጠች። ሩዝ የሚቀቅሉት ሴቶች ፊቷን አይተው አግዳሚውን ለቀቁላት፤ ምን ሆንሽ ያላት የለም። ፋይሉን ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ቡ ሱሚራ አሉ፤ ነጭ፣ ጥርት ያሉ፣ ምንም ያልጎደላቸው። እንዲያውም የሚስቁባት መሰላት። ሥዕሉን ነካ አድርጋ በጎን የምትከፈተዋን ትንሽ ሳጥን አየች፤ «በላዩ አትም» ከሚለው ትእዛዝ አጠገብ ምልክት ተደርጓል።

ወዲያው ገባት። ማተሚያ ቤት ነጭ ቀለም የለውም። ነጭ ማለት ቀለም ያልነካው ወረቀት ነው፤ ጥቁሩ ለነጩ ቦታ ሊለቅለት ይገባል። እሷ ሥዕሉን መጀመሪያ የሠራችው በቡናማ ክብ ላይ፣ በጥቁር ነበር። ጥቁር ሲሆን በሌላው ቀለም ላይ እንዲታተም ማዘዝ ትክክል ነው፤ ሁሉም ዲዛይነር ያደርገዋል። በኋላ አንድ ከሰዓት ጃትሚኮ መጣና ከጀርባዋ ቆሞ ብዙ አየ። «ናንቲ፣ እናቴን ጥቁር አታድርጊያት። እሷ ስትገባ ቤት ይበራ ነበር» አላት። እንዲህ ብሎ የሚለምን ሰው ማን እንቢ ይላል? ክቡን ጥቁር፣ ፊቱን ነጭ አደረገችው። ዓይኗ እሱ ላይ ነበር፤ ትእዛዟን ማንሳት ረሳች። ስክሪኑም የቢሮዋ ፕሪንተርም ነጩን ፊት አሳዩዋት። ትልቁ ማሽን ግን የታዘዘውን አደረገ፤ ለማንም ቦታ ሳይለቅ ጥቁሩን ዳር እስከ ዳር አለበሰው። ስሕተቱ የእሷ ነው፣ የማንም አይደለም። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ጃትሚኮ ከኋላዋ ገባ። ሴቶቹ ተጠቃቅሰው ወጡ።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት። እኔ ነኝ። ቀለሙን ስቀይር አንድ ነገር ረስቻለሁ።»

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ላንተ ነው የምነግርህ።»

«እሺ፣ አዳምጪኝ።» አጠገቧ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የማተሚያ ቤቱ ስሕተት ነው እንላለን። አባባ ፋይሉን በዓይናቸው አይተዋል፤ ልክ ነበር። ያምኑናል።»

ኪናንቲ ቀና ብላ አየችው። የተሳሳተ መሰላት፤ ረስቶት ነው አለች በልቧ፣ ደንግጦ ነው።

«ያን ማሽን ያዞረው እኮ አባዬ ነው፣ ማስ።»

«አውቃለሁ» አለ።

የገደላት ይህ «አውቃለሁ» ነው። ቢረሳው ኖሮ ትምረው ነበር።

«አውቀህ ነው?»

«ሥራ አላሳጣቸውም። ቢያባርሯቸው እኔ እቀጥራቸዋለሁ። ፋብሪካው በር ላይ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው…»

«ዘበኛ?»

«ናንቲ፣ ነገ የሚመጣ ሽማግሌ የለም፣ ገብቶሻል? አባባን አታውቂያቸውም፤ አንዴ ከዘጉ ዘጉ ነው። የእናቴን ፊት ያጠፋች ልጅ ብለው ነው እስኪሞቱ የሚጠሩሽ።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እጇን ያዘ። «ላባትሽ ሌላ ሥራ ይገኛል። አንቺን ካጣሁ ግን አንቺን ከየት ነው የማመጣው?»

እንዲህ ዓይነት ቃል በሌላ ቀን ቢሆን ያሟሟት ነበር። እጇን አላስለቀቀችም፤ በሌላኛው እጇ ቦርሳዋን ከፈተችና በአራት የታጠፈ፣ ማጠፊያው የሳሳ ወረቀት አወጣች። የእሱ ደብዳቤ ነው፤ ከእሷ ተለይቶ አያውቅም። ማንበብ አላስፈለጋትም፣ በቃሏ ነው የምታውቀው።

«‹እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ምግብ የሚርበኝ እናንተ ቤት ስገባ ብቻ ነው። ትናንት አባትሽ ከሳህናቸው ዓሣውን ለሁለት ከፍለው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ። ከዛሬ ጀምሮ አባት ማለት ለእኔ ሁለት ነው።› የማን ጽሑፍ ነው?»

ዓይኑን ከወረቀቱ አሸሸ።

«የማን ነው፣ ጃትሚኮ?»

ስሙን ስትጠራ ደነገጠ፤ ራሷም ደነገጠች። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደብዳቤውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጣለት ስትነሳ፣ ከውስጧ አንድ ነገር እዚያው አግዳሚው ላይ ትታ የሄደች መሰላት።

ግቢው ውስጥ አባቷን አየቻቸው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ደውሎ ሄደህ ተጠየቅ ብሎ ሰድዷቸው ነው። ፓክ ቱጊማን ለክብር ቀን ብቻ የሚለብሱትን ባለ ጥለት ባቲክ ሸሚዝ በጥድፊያ አጥልቀዋል፤ ቁልፉ አንድ ቀዳዳ ዘሎ ኮሌታው ወደ አንድ ወገን ተንጋዷል። ጥፍራቸው ሥር የሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም አለ። በእጃቸው ኪናንቲ «ይታተም» ብላ የፈረመችበትን ወረቀት ይዘዋል፤ እንደ ወረቀት ሳይሆን እንደ ሕፃን ነው ያቀፉት።

«አንተ ነህ ያተምከው?» አሉ ፓክ ዊርዮ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ባዶ መሆኑን አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«አይተህ?»

«የዘመኑ ነገር መስሎኝ ነው።» ፓክ ቱጊማን ወረቀቱን አሻሹት። «አሁን አሁን ሁሉም ባዶ ባዶ ነው የሚያሳትመው፤ ያምራል ይላሉ። ሌላ ሰው ፈርሞበት ቢሆን ማሽኑን አቁሜ እጠይቅ ነበር፤ ሁሌም እጠይቃለሁ። ፊርማውን ሳየው ግን የልጄ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። በእሷ ሥራ ላይ ምን ብዬ ልጠይቅ?» ይህን ሲሉ በዚያ ሁሉ መዋረድ መካከል ኩራታቸው ብልጭ አለ፤ ኪናንቲ አየችውና ልቧ ተሰበረ።

ጃትሚኮ ከጓሮ ወጥቶ አባቱ አጠገብ ቆመ። ኪናንቲን አላያትም።

«የማተሚያ ቤቱ ስሕተት ነው፣ አባባ» አለ። «ፋይሉ ልክ ነበር። እርስዎም አይተውታል።»

ፓክ ቱጊማን አንገታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። አንዴ ነው ያዩዋት። አምስት ዓመቷ ሳለ ብርጭቆ ሰብራ ከበር ኋላ ስትቆም የነበራት ፊት ነው ያላት፤ አባት አይስተውም። ሁሉም ነገር ገባቸው። ወረቀቱን፣ የልጃቸውን ፊርማ፣ ቀስ ብለው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«አዎ» አሉ። «የእኔ ጥፋት ነው። ዓይኔም ደክሟል።»

ኪናንቲ ዝም ብትል ሁሉም ነገር እንደሚስተካከል ታውቃለች። ነገ ሽማግሌ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ቀለበት ይታሰራል፣ አባቷም እየሳቁ ይመርቋታል። ከዚያ በኋላ በሕይወቷ ሙሉ በዚያ ፋብሪካ በር ስትገባ፣ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰውዬ ተነስተው በሩን ይከፍቱላታል። ይህ በዓይኗ መጣ።

«ውሸት ነው» አለች። «አባዬ ውሸቱን ነው። ጃትሚኮም ውሸቱን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ናንቲ» አለ ጃትሚኮ፤ ልመና ነው።

«ፓክ ዊርዮ፣ ማሽኑ ያዘዝኩትን ነው ያተመው። ያዘዝኩት ስሕተት ነው። ሥዕሉን ከጥቁር ወደ ነጭ ስቀይር ማንሳት የነበረብኝን ትእዛዝ ረሳሁ። አባዬን ከሥራ የሚያስወጣ ነገር የለም። ሽማግሌም ሆነው አይምጡ፤ ምራትዎ ልሆን አይገባኝም። ግን አጠፋችው አይበሉኝ። ይህን ብቻ አይበሉኝ።»

ፓክ ዊርዮ ባዶውን ክብ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ታዲያ ፊቷ የት ሄደ?» አሉ በመጨረሻ፤ አሁንም እንደዚያው፣ ሰው እንደሚጠይቅ።

«የትም አልሄደም። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። እዚያው ከጥቁሩ ሥር አሉ። እኔ ነኝ ቦታ ያላስለቀቅኩላቸው።»

ከዚያ ያደረገችውን አስባበት አልነበረም። ወደ አባቷ ሄዳ ከሸሚዛቸው ኪስ፣ ሁሌም ከሚያስቀምጡበት፣ በወረቀት የተጠቀለለችውን ምላጭ አወጣች። ፓክ ቱጊማን ከማተሚያው ሰሌዳ ላይ የቀለም እድፍ የሚፍቁባት ናት። ልጅ ሆና በተበላሹ ወረቀቶች ላይ ጥቁሩን እየፋቀች ዓሣና ወፍ ማውጣት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እርሳስ ከመያዟ በፊት ምላጭ ይዛለች። አንድ ጠርሙስ አንስታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ በጭኖቿ መካከል አጣበቀችው፣ መፋቅ ጀመረች።

ጥቁሩ እንደ ጥላሸት ብናኝ እየሆነ ቀሚሷ ላይ ረገፈ። መጀመሪያ ግንባሩ ወጣ። ከዚያ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ዘንበል ያለው አንገት። እንባዋ እጇ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሷ ግን አላቆመችም፤ ጣቷን ምላጩ ሲቆርጣትም አላወቀችም። መጨረሻ ላይ በምላጩ ጫፍ ከጆሮው ኋላ አንዲት ቀጭን መስመር ሳበች።

ጠርሙሱን አነሳችና ሰጠቻቸው። ፓክ ዊርዮ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ጣታቸው ከጆሮው ኋላ ያለችው መስመር ላይ ቆመ።

«ይህችን ፀጉር ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የእርስዎ ሥዕል ላይ አለች። ከሹሩባቸው ያመለጠች ናት፤ ላስተካክላት አልፈለግኩም። የሣላቸው ሰው እንደሚወዳቸው ከዚህች ያስታውቃል።»

ሽማግሌው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሺህ ቀን ሙሉ ማንም ሲያለቅሱ አላያቸውም ነበር፤ አሁን ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ብዙ ቆይተው ፊታቸውን በክንዳቸው ጠርገው ቀና አሉ።

«ይቀመጡ፣ ፓክ ቱጊማን» አሉ። «እዚህ፣ ከአጠገቤ። ልጅዎን ለመለመን ልመጣ ነበር፤ አሁን ከዚያ በፊት ይቅርታ ልለምንዎ ነው የምመጣው። እርስዎ ልጅ አሳድገዋል። እኔ ግን ዛሬ ልጄ ሲናገር ሰማሁትና አፈርኩ።»

ጃትሚኮ እንደ በድን ቆሟል። ደብዳቤው አሁንም እጁ ውስጥ ነው፤ ላብ አርሶታል። ከዚያ ወደ መሬት ወረደ፣ በጉልበቱ ሄዶ ፓክ ቱጊማን ዘንድ ደረሰ፣ በሠራተኞቹና በዘመዶቹ ሁሉ ፊት ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ ደፋ።

«ይማሩኝ» አለ። «ከሳህንዎ በልቼ ነው የሸጥኩዎት።»

«ተው ልጄ» አሉ ፓክ ቱጊማን፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። «ተነስ፣ ልብስህ ይቆሽሻል። እጄ ቀለም ነው።» ቢሆንም ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉት። «መልሱ ግን ከእኔ ዘንድ አይደለም፤ ከእሷ ነው።»

ሁሉም ወደ ኪናንቲ ዞሩ። ይህን ሰው ትወደዋለች፤ ያን ያህል እንደምትወደው ያወቀችው ምናልባት ዛሬ ነው፣ ያን ያህልም አቁስሏታል። ይቅር ብዬሃለሁ ብትል ትዋሻለች። ሂድልኝ ብትልም ትዋሻለች። እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ ገና የሚፋቁ መቶ አሥራ ዘጠኝ ባዶ ክቦች አሉ።

ምላጩን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። አንድ ጠርሙስ አንስታ ጃትሚኮ ፊት አስቀመጠች፣ ምላጩን መዳፉ ውስጥ ከተተችለት። ተንበርክኮ እንዳለ ጠርሙሱን አቀፈና መፋቅ ጀመረ። አያውቅበትም። ጥቁሩን በኃይል ይቧጭራል፣ እንባው አላሳይ ብሎታል። ኪናንቲ ትንሽ ታገሰች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጁን በእጇ ያዘችና ምላጩን ቀለል አደረገችለት።

«ቀስ በል፣ ማስ» አለችው። «ፊታቸው ላይ ነህ።»

ማስ ማለቷን የሰማችው ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ልትመልሰው አልፈለገችም።